ከኮምቦልቻ እስከ ጉጉፍቱ፦ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ

ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በመኪና ብንሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ጣርማበር ላይ ብርዱን ቀምሶ ሸዋሮቢት ወርዶ ጃኬት ማውለቅ የራሱ ጣዕም አለው። ዘመድ አዝማዱ ግን "መንገዱ አያስተማምንም" ብሎ ጸና። እኛም ሰማን።

"እኛ" ስል እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። የእሷ ኑሮ ሜሪላንድ ነው፤ ለጥምቀት መጥታ ነው። እኔ ከሐዋሳ ተነሥቼ አዲስ አበባ ተገናኘን። ዕቅዱ የእሷ ነው። ደቡብ ወሎ ወርዶ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ መግባት፣ ቀይ ቀበሮ ማየት። ቦታውን ያገሬው ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። ለመውለድ የደረሰው ሁሉ ተደምሮ ከ500 አይበልጥም። "ዝሆን በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ ይሄንን ግን በዓይኔ ነው የማየው" አለች።

ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ከሐዋሳ ብዙም አይርቅም፤ ሐይቅ የላትም እንጂ። ባለባጃጁ ከአየር ማረፊያ ሆቴል ድረስ 300 ብር አለን። "ዲያስፖራ አይተህ ነው?" ስለው ሳቀና 200 አደረገው። አልጋው 1,400 ብር ነው። ሙቅ ውሃ አለ ተብለን ነበር፤ ቧንቧው ሲከፈት ግን የሚወጣው ነፋስ ነው። "አብሽሩ፣ ማታ ይመጣል" አለን ልጁ። ማታም አልመጣም። በባልዲ አሙቆ አመጣልን። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ሲኖር ቧንቧውን ማን ያስታውሰዋል።

አመሻሽ ላይ ጥብስ ፍለጋ ወጣን። ከሥጋ ቤቱ ማዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጥንብ አንሳዎች ተደርድረዋል። ትንንሾቹ፣ ራሳቸው ላይ ቆብ የደፉ የሚመስሉት። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ ከምንለው ትልቅ ወፍ ጋር እየተጋፋን እንደምንኖረው፣ እዚህም ሰው ከጥንብ አንሳ ጋር ተላምዷል። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ማንሳት ጀመረች። አስተናጋጁ "እህቴ፣ ይሄን ነው እንዴ ፎቶ የምታነሺው?" አለና ሳቀ።

እሱ አይፈረድበትም። በየቀኑ የሚያዩት ነገር ያልቃል ብሎ ማን ያስባል? ይኸው ወፍ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ጋር ተጽፏል። ከተሞች ባለቤት የሌለው ውሻ ለማጥፋት የተመረዘ ሥጋ ሲጥሉ ቀድሞ ከላይ የሚወርደው እሱ ነው። ሕንዶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ጥንብ አንሳዎቻቸውን ጨረሰባቸው ማለት ይቻላል። መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያግዱት ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ወፍ አልቆ ነበር። የሞተው ከብት ለውሻ ተረፈ፣ ውሻውም በዛ።

ጥብሱ 450 ብር ነው። ለሁለት ይበቃል። አዋዜው ግን እንባ ያስመጣል፣ ተጠንቀቁ።

የጎፍ፣ ዓርብ ጥር 15

የጎፍ ደን ከኮምቦልቻ ራስጌ ነው። ከታች ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ይበዛል። ከፍ ሲሉ የጥንቱ ወይራና ሐበሻ ጽድ ብቅ ይላል። አካባቢውን የሚያውቁ አንድ አባት ይዘውን ወጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ ያልፋል። ሲራመዱ ግን እኛ ነን "አባቴ ትንሽ እንረፍ" የምንለው።

ጦጣ አየን። የድኩላ ኮቴ አሳዩን። ከዚያ ደግሞ የከሰል ማክሰያ ጉድጓድ አሳዩን፤ ዙሪያው ገና አመድ ነው።

"ድኩላ ገድሎ የተከሰሰ ሰው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"በዘመኔ አንድም አላየሁም። ድኩላ የሚገድል እኮ የለም።"

"ታዲያ ድኩላው የት ሄደ?"

በመቋሚያቸው የተጨፈጨፈውን ጉቶ መቱና ዝም አሉ።

ወይራ ሥር ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ የአክስቴ ልጅ የራሷን አገር ጉዳይ አነሣች። የምትሠራው ሆስፒታል ነው፣ የሕግ ሰው አይደለችም። ይህን ነገር ግን ሰሞኑን ሥራዬ ብላ ይዛዋለች። እኔም የገባኝን ልንገራችሁ።

አሜሪካ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሴኔቱ 92 ለ0 ነው ያሳለፈው። የፈረመው ኒክሰን ነው። ዛሬ እዚያ ምክር ቤት ውስጥ በምን ነገር ነው ሁለቱ ፓርቲዎች እንዲህ የሚስማሙት? ሕጉ እንስሳውን መግደል ብቻ ሳይሆን "መጉዳት"ንም ይከለክላል። መጉዳት ምን ማለት እንደሆነ ሕጉን ለማስፈጸም በወጣ ደንብ ተተርጉሟል። እንስሳው የሚበላበትን፣ የሚራባበትን፣ የሚጠለልበትን ቦታ አጥፍቶ እንስሳውን ለሞት መዳረግም መጉዳት ነው። ከእንጨት ሥራ ጋር ኑሯቸው የተያያዘ ሰዎች ይህን ተቃውመው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በ6 ለ3 ድምፅ ትርጓሜውን አጸናው።

አሁን ያለው መንግሥት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ይህን ትርጓሜ እንሰርዘው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሌሎች ረቂቆች ጨመረ። አንዱ፣ ገና ወደ አደጋው እየተጠጉ ያሉ ዝርያዎች እንደተመዘገቡ በቀጥታ ያገኙት የነበረውን ጥበቃ ያነሣል። ሌላው፣ ዝርያ ሲመዘገብ የኢኮኖሚው ጉዳት አብሮ እንዲነሣ በር ይከፍታል። ረቂቅ ሲወጣ ማንም ሰው አስተያየት መጻፍ ይችላል። እሷም ሌሊት ተረኛ ሆና፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ "ትርጓሜው አይነካ" ብላ ጽፋለች።

እኚያ አባት ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ጸጥ ብለው ሰሙ። ከዚያ፣ "ጎጆዬን አቃጥሎ 'አንተን መቼ ነካሁህ' የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ዳኛው እሺ ብሎ ያሰናብተዋል እንዴ?" አሉ።

የአክስቴ ልጅ "ይሄን ብጽፈው ኖሮ!" አለች።

ስንወርድ የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ምሳ ዘገየ። ሲገኝ ደግሞ የጾም በያይነት በ220 ብር። ሐዋሳ ላይ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ዓይነት አይሰጡንም።

ሐረጎና ደሴ፣ ቅዳሜ ጥር 16

ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፤ ሐረጎ ባይኖር። ሚኒባሱ ለአንድ ሰው 100 ብር ነው። ጥምዝምዙን ግማሽ ያህል ወጥተን ሞተሩ ጨሰ። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወደ ገደሉ ወረደ፣ እኛም የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተሰደርን። አንዲት እናት ከፌስታላቸው አምባሻ ቆርሰው ለማያውቁት ሰው ሁሉ አደሉ። ከታች ቦርከና ይታያል። የደሴን ጉድፍ ተሸክሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ እዚያም ሌላ ይጨመርለታል። ከላይ ሲያዩት ግን ያምራል።

ደሴ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ፒያሳ ማኪያቶ 60 ብር። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለ ዱር እንስሳት የሚያስተምር የድሮ ወዳጄ ጠበቀን። ገና ሳንቀመጥ መርዶውን ነገረን። "በመካነ ሰላም በኩል ወደ ፓርኩ አሁን አትሂዱ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ቢሆን ነገ ላይሆን ይችላል። ገብታችሁ መውጫ ብታጡስ?" ደንቆሮ ጫካ በዚሁ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ፊቷ ጠቆረ። "ይልቅ ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ልውሰዳችሁ" አለ ወዳጄ። "ቀበሮ አታዩም። ቀበሮ የት እንደሄደ ግን ታያላችሁ።"

አብሮት የኮንስትራክሽን ሥራ ያለው ጎረቤቱ ተቀምጧል። ተጫዋች ሰው ነው፤ ጨዋታው ላይ ግን ጨከነብን። "ወንድሜ፣ ሕዝብ ሥራ ይፈልጋል። መንገድ፣ ፋብሪካ፣ ቤት ይፈልጋል። አንድ ቀበሮ ተገኘ ተብሎ ሥራ ይቁም? እንስሳ ከሰው አይበልጥም" አለ።

ይሄ ክርክር ባዶ አይደለም። ሐዋሳም እሰማዋለሁ። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሕጉ ሲላላ ትርፉን የሚወስደው ያ ሥራ የሚፈልገው ሕዝብ ነው ወይ? እኛ ዘንድ፣ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ አለ። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ጠባቂ ጠፋ፣ ሕግም ጠፋ። ቆርኬው ታደነ፣ ሣሩም ተያዘ። ዙሪያውን ያለው ገበሬ በዚያ ምክንያት ሀብታም ሲሆን አላየሁም።

ወዳጄ ግን ከእኔ በተሻለ መለሰለት። ቀይ ቀበሮ በሕግ ሙሉ ጥበቃ ያገኘው በ1966 ነው። በኋላም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መጣ። መግደል ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። "ታዲያ ጎጃም፣ ጮቄ ላይ ዛሬ ቀይ ቀበሮ አለ?" ብሎ ጠየቀው። የለም። ጠፍቷል። "ማን ተኩሶ ጨረሰው? ማንም። ገብስ ነው የጨረሰው። ጓሳው፣ የደጋው ሣር፣ ሲታረስ አይጡ ይጠፋል። አይጥ ከሌለ ቀበሮ ምን ይበላል? ሕጋችን በወረቀት ላይ ጥርስ አለው፤ የሚነክሰው ግን ጠመንጃ የያዘውን ነው። አሜሪካኖቹ ሊሰርዙት የሚፈልጉት እኛ ገና ያላገኘነውን ነው።"

ጎረቤቱ ሳቀና ሒሳቡን ከፈለ። አልተሸነፈም፣ ግን ከፈለ።

ሐይቅ፣ እሑድ ጥር 17

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ነው፣ ሩቅ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የታወቀው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ነው። ሴት አይገባም። ይህን ወዳጄም ረስቶ እኔም ሳላነሣው፣ የአክስቴ ልጅ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስንወጣ በዓይኗ ገረፈችን።

ውስጡ ዛፍ ነው። ያረጀ፣ የተቃቀፈ ዛፍ። ከግቢው ውጭ ያለው ኮረብታ ገላጣ ነው። አንድ መነኩሴ "ቅርንጫፍ የሚቆርጥ የለም፣ ግዝት ነው" አሉኝ። ወፍ ግደል አትግደል የሚል ዝርዝር የላቸውም። ቦታው ተጠብቋል፤ ወፉ ራሱን ያውቃል።

ወዳጄ በዚህ ላይ የመንዝ ጓሳን ጨመረልኝ። እዚያ ሰዎች ለዘመናት ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። ሣር ማጨድም ከብት ማግባትም በተራና በፈቃድ ነው። የ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ እንደገና ደንብ አወጣለት። ቀይ ቀበሮ ዛሬም ጓሳ ላይ አለ። ጮቄ ላይ የለም።

ምሳ ዓሣ በላን። ጥብስ ቆሮሶ 350 ብር። ለሐዋሳ ሰው ዓሣ ማሞገስ ይከብደዋል። ይሄኛው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው።

ጉጉፍቱ፣ ሰኞ ጥር 18

ጠዋት ሰኞ ገበያ ገብተን ለእሷ ጋቢ፣ ለእኔ የሱፍ ኮፍያ ገዛን። ኮፍያው 250 ብር። በኋላ ዋጋው በነፍስ ይሰላል አልኩ። በገራዶ አድርገን ወደ ላይ መውጣት ስንጀምር ነፋሱ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል።

ጉጉፍቱ ሜዳ ሰማይ ላይ የተዘረጋ ይመስላል። በኮረብታው ጫፍ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ቆሟል። ከጫፉ በታች ግን እስከ መንገዱ ድረስ ሁሉም ገብስ ነው፣ ታጭዶ ቆረኑ ቀርቷል። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ታርሷል። ይህን ወዳጄ ትናንት ሲነግረኝ ቁጥር ነበር። እዚህ ቆሜ አየሁት።

የወዳጄ ዘመድ ቤት አደርን። እናትየዋ "ቤት ለእንቦሳ" ስንላቸው "እንቦሳ እሰሩ" አሉ፣ ወዲያው ከሪቦ ቀዳ ቀዳ አደረጉልን። የገብስ ጢቢኛ በቅቤ መጣ። የአክስቴ ልጅ ሦስተኛውን ስታነሣ እኔ ፎቶ አነሳኋት። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ስንት ልክፈል ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስኳርና ሳሙና ይዘን ስለሄድን ፊታችን አላፈረም።

ከቤቱ ጀርባ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ነበሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሣሩን እየነጩ ይበላሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። እሷ ደስ አላት። አባወራው ግን እንደኛ አላያቸውም። ሀጂ ናቸው፣ ለነገር የማይቸኩሉ።

"ልጄ፣ አንዱን ነገር ልጠይቅሽ" አሏት። "እንስሳው የመንግሥት ነው ትላላችሁ። እሺ። ገብሴን ሲበላስ የማን ነው?"

መልስ አጣን። ትንሹ ልጃቸው አዝመራ ሲደርስ ጭላዳ ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ቀይ ቀበሮ በልጅነታቸው አይተዋል፤ "የበግ ግልገል ይወስዳል ይባል ነበር፣ እኔ ግን ሲወስድ አላየሁም፤ አይጥ ነበር የሚያድነው" አሉ። ልጆቻቸው አያውቁትም።

የአክስቴ ልጅ፣ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ግዛቶች ተኩላ ላም ከገደለ ለባለቤቱ ካሳ እንደሚከፍሉ ነገረቻቸው። ራሰ ነጩ ንስርም እ.ኤ.አ. በ1963 ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ባለው አገር 417 ጥንድ ብቻ እንደነበረ፣ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ ታግዶ መኖሪያው ተጠብቆለት እ.ኤ.አ. በ2007 ከዝርዝሩ እንደወጣ አጫወተቻቸው። ወዳጄ ደግሞ የተረፈን ታሪክ ቀጠለ። ተረፈ ሰሜን ተራሮች ላይ በጥይት እግሩ ተመትቶ የተገኘ ቀይ ቀበሮ ነው። ሐኪሞች አከሙት፣ ድኖም ወደ ተራራው ተመለሰ። በኋላም ወለደ።

ሀጂ በተረፈ ነገር ተገረሙ። "ለቀበሮ ሐኪም ቤት አለ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። "ካሳ ካለማ፣ ያንን ጫፍ ማን ይደፍረዋል? እኔም ጠባቂ ነኝ።"

ማታ ባና ደርበው ሰጡን። ሁለት ደርቤም በረደኝ።

ደሴ፣ ማክሰኞ ጥር 19

ሌሊቱ የመኪናውን ባትሪ ገድሎታል። ሰፈሩ ወጥቶ ገፋልን። ሳንነሣ ሀጂ የአክስቴን ልጅ ጠሯት። "ያንን ለአሜሪካኖቹ የጻፍሽውን፣ ለኛም ጻፊልን" አሏት። ተቀምጣ በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈች፣ እሳቸው ተናገሩ። ከጅብራው በላይ ማረሻ አይግባ። ጭላዳ አዝመራ ከበላ ይታይና ይከፈል። ከየቀበሌው አንድ ወጣት ጠባቂ ሆኖ ይቀጠር፣ ደመወዝ ይኑረው። መርዝ ለውሻ አይጣል። በመጨረሻ ጣታቸውን ቀለም ላይ አሳርፈው ፈረሙ፣ ጎረቤቶችም አሥራ አንድ ሆነው ተከተሉ።

ደሴ ወርደን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይዘን ገባን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ገጹን ገልብጣ አየችው። "ማመልከቻ ነው ወይስ ጥቆማ?" አለችን።

ወዳጄና የአክስቴ ልጅ ተያዩ። "ማመልከቻ" አለች እሷ።

"ማመልከቻ ከሆነ በሁለት ኮፒ ነው" አለች ልጅቱ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከደረጃው ሥር ነው፣ ለአንድ ገጽ 5 ብር። ኮፒውን አምጥተን ገቢ ቁጥር ተሰጠን። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ስንጠይቅ ወር ሲሞላ ደውሉ ተባልን። የስልኩን ቁጥር ሀጂ ልጃቸው እጅ ላይ ባለው ስልክ እንዲቀመጥላቸው ወዳጄ ላከላቸው።